የመርሳት ህመምን በደም ወደሚመረምር ሙያ ልግባ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን) ናሙና ነው። አያቴ የመርሳት ህመም አለባት፤ የነርቭ ጉዳትን በደም ስለሚለኩ ምርመራዎች ሳነብ ልቤ እዚያው ቀረ። ማስተርስ ልጀምር ነው። ጓደኞቼ ግን «መሣሪያው በሌለበት አገር ምን ትሠሪበታለሽ?» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ግን ከመወሰንሽ በፊት የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ይግባሽ።

የነርቭ ሴል አክሰን የሚባል ረጅም ክር አለው። ያንን ክር ከውስጥ ደግፈው ከሚይዙት ፕሮቲኖች አንዱ ኒውሮፊላመንት ላይት ነው። ክሩ ሲጎዳ ፕሮቲኑ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ወደከበበው ፈሳሽ ይወጣል፤ ከዚያም በጣም ጥቂቱ ደም ውስጥ ይገባል። ደም ውስጥ የሚለካው በፒኮግራም ነው። ፒኮግራም ማለት ግራም ለትሪሊዮን ሲካፈል ነው። ለዚህ ነው ድሮ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ግድ የነበረው። ሲሞአ የተባለው ቴክኖሎጂ ከመጣ ወዲህ ከክንድ የተቀዳ ደም ይበቃል። በዚህ ሥራ የስዊድኑ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካይ ብሌኖው እና ሄንሪክ ዜተርበርግ ቀድመው ይጠቀሳሉ። ጽሑፎቻቸውን ፈልገሽ አንብቢ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኒውሮፊላመንት ነርቭ እየተጎዳ መሆኑን ይናገራል እንጂ በሽታውን ለይቶ አይናገርም። በስትሮክ፣ የነርቭን ሽፋን በሚያጠቃው ኤምኤስ፣ ጭንቅላት ሲመታ ይጨምራል። ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን በሚገድለው ኤኤልኤስ በጣም ይጨምራል። ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክምም ከፍ ይላል። ከመርሳት ህመሞች በብዛት ለሚታየው ለአልዛይመር ይበልጥ የሚቀርበው ፒ-ታው 217 የተባለው ሌላ ፕሮቲን ነው። የአሜሪካው የመድኃኒትና ምርመራ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ. 2025) ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ሲፈቅድ፣ ምርመራው ፒ-ታው 217ን በአልዛይመር አንጎል ውስጥ ከሚከማቸው አሚሎይድ ከተባለው ፕሮቲን ጋር የሚያነጻጽር ነበር። እሱም ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ የህመሙ ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ብቻ ነው።

ታዲያ ኒውሮፊላመንት ምን ይረባል? በሃምሳዎቹ ዕድሜ ጠባዩ የተቀየረ ሰው ሐኪም ዘንድ ቀረበ እንበል። ድብርት ነው ወይስ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል የሚበላው የመርሳት ህመም? ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልኬቱ ከዕድሜው በጣም ከፍ ካለ ሐኪሙ ሁለተኛውን አጥብቆ ይጠረጥራል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለአያትሽ ግን አሁን ይህን ምርመራ ፍለጋ አትድከሚ። ካልታየች መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ይያት፤ ቢ12፣ ታይሮይድና ድብርት ይጣራላት። እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።

ወደ ሥራሽ ልመለስ። ቫይራል ሎድ መሥራትሽን እንደ ተራ ነገር ማየትሽ አሳዝኖኛል። ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ የኢዲቲኤ ቱቦ መቅዳት፣ ሳይዘገይ በሴንትሪፉጅ ፕላዝማውን መለየት፣ አከፋፍሎ ማቀዝቀዝ፣ ሰዓቱን መመዝገብ፦ ይህ ሁሉ እዚህም ያው ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የተበላሸ ናሙና አያስተካክልም። አሚሎይድን ብትወስጂ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ከወገብ የተቀዳው ፈሳሽ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ ውስጥ ካልገባ ውጤቱ ገና ሳይለካ ዝቅ ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በየትኛውም የጥናት ቡድን ይፈለጋል።

ደግሞ ያለሽበት ቦታ ለዚህ ጥናት ሩቅ አይደለም። ኤችአይቪ አንጎልን ሲጎዳ ኒውሮፊላመንት ይጨምራል፤ መድኃኒት ሲጀመር ይቀንሳል። ይህ የተጠና ነገር ነው። አሁን ግን መድኃኒት እየወሰዱ ያረጁ ሰዎች አሉ። ከእነሱ የማስታወስ ችግር የገጠማቸው ሰዎች ልኬት ምን ይመስላል? የመመረቂያ ጥናት ብዬ የምመክርሽ ይህንን ነው። የኩላሊት ምርመራቸውንም አብረሽ ያዢ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ያሳስትሻል።

ማስተርሱ ክሊኒካል ኬሚስትሪ ቢሆን እመርጣለሁ። ስታትስቲክሱን አትፍሪው፤ አር የሚባለውን ፕሮግራም ከአሁኑ ጀምሪ፤ ነፃ ነው። መሣሪያ የግድ እዚህ መኖር የለበትም። በደንብ የተቀመጠ ናሙና ውጭ ተልኮ ሊለካ ይችላል። ግን የሥነ ምግባር ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ጊዜ ይበላሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምረሽ ተንቀሳቀሺ።

አማካሪ ፍለጋ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምን ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በር አንኳኪ። ስትጽፊላቸው «ኒውሮሳይንስ እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ጥያቄሽን በሁለት መስመር አስፍሪ፤ ናሙናውን ከየት እንደምታገኚ፣ እንዴት እንደምታስቀምጪውና ማን እንደሚለካው ጻፊ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።