ጠርዙን አትቁረጡ

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዋሽንግተን አካባቢ ሥዕል ፍሬም ውስጥ ማስገባት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ዲፕሎማው፣ የሠርግ ፎቶው፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕሉ፣ በእጄ ያላለፈ የለም። ልቤን የሚወስደው ግን የድሮ አውሮፓ ገዢዎችን መሳለቂያ ያደረገው የፌዝ ሥዕል ነው። በዚሁ ሥዕል አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ የእንግሊዛዊውን ፌዘኛ ሠዓሊ የጄምስ ጊልሬይን ሥዕል ይዞ መጣ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒትና ናፖሊዮን አንድ ማዕድ ቀርበዋል። ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ምድር ናት፤ ፑዲንግ የሚሉት የእንግሊዝ ክብ ኬክ ሆና ትጨሳለች። ፒት ውቅያኖሱን ይገምሳል። ናፖሊዮን ከወንበሩ ብድግ ብሎ በጎራዴው አውሮፓን ይቆርሳል። ትንሽዬ፣ ስግብግብ፣ የባርኔጣው ላባ ከራሱ የሚበልጥ ሰውዬ። (ናፖሊዮን በዘመኑ መካከለኛ ቁመት ነበረው። ዓለም ሁሉ ድንክ አድርጎ እንዲያስበው ካደረጉት አንዱ ጊልሬይ ነው።)

ደንበኛው ፍሬሙን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ነው የመጣው። ወረቀቱ በትንሹ በለጠው። እኔ ጎበዙ ከታች አንድ ጣት ያህል በቢላ ሸርክቼ ልክክ አደረግኩት። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ አሳየሁት። ሽማግሌው ምንም አላለም። ቅርጫቱ ውስጥ ገብቶ ቁራጩን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "አንብብ" አለኝ።

ደቃቅ ጽሑፍ ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1805፣ ሐና ሃምፍሪ፣ ሴንት ጄምስ መንገድ። አሳታሚዋና ሻጯ እሷ ነበረች፤ ጊልሬይም የሚኖረው ከሱቋ በላይ ነበር። በእንግሊዝ ከ1735 ጀምሮ ባለቤቱ መብቱ እንዲጠበቅለት ስሙና ቀኑ ሥዕሉ በሚታተምበት የመዳብ ሰሌዳ ላይ መቀረጽ ነበረበት። እኔ የሥዕሉን የልደት ወረቀት ነው የቆረጥኩት።

አለቃዬ ካሳውን ከፈለ። ከደሞዜ ለወራት ተቆረጠ። ደንበኛው ሥዕሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ፤ ቁራጩን እንኳ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ጠርዙ ላይ ነው። ማን ሠራው? መቼ? ማን ሸጠው? ማን ከፈለው? የመጨረሻው ጥያቄ ጠርዝ ላይ አይጻፍም፤ ስሙንና ቀኑን ይዞ የሚቆፍር ግን ያገኘዋል። ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከመንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ይቆረጥለት ነበር። በ1820 ሌላው የእንግሊዝ ፌዘኛ ሠዓሊ ጆርጅ ክሩክሻንክ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛን ነውረኛ በሆነ ሁኔታ ላለመሣል 100 ፓውንድ ተቀብሏል። ደረሰኙ ሁሉ አለ! የሚገርመው ደግሞ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ቤተ መንግሥቱ ራሱ ያጠራቅም ነበር። በ1921 ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ወደ 10,000 የሚጠጉ ወረቀቶች ተሸጠው እዚሁ ከተማችን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። የምትኖሩት እዚህ ከሆነ ሄዳችሁ እዩ።

ገንዘብ ያልበላም ነበር። ፓሪስ ላይ የፌዝ ጋዜጣ አሳታሚው ሻርል ፊሊፖን በ1831 ተከሶ ፍርድ ቤት ቆሞ የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ፊት በአራት ሥዕል ቀስ በቀስ ፒር ወደሚባለው ፍሬ ቀየረው። አንዱ ሌላውን ከመሰለ፣ ፒር ሁሉ ሊከሰስ ነው ማለት ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ ግን ፈረዱበት፤ ስድስት ወር እስርና ቅጣት። ፒሩ አልታሰረም፤ የፓሪስ ግድግዳ ሁሉ ፒር በፒር ሆነ። ሠዓሊው ዶሚዬም በዚያው ሰሞን ንጉሡን ወርቅ የሚውጥ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ በመሣሉ ታስሯል።

እኛ አገር አዝማሪ ባለሥልጣንን በሰምና ወርቅ ይሸነቁጣል። የጊልሬይም ሥራ ሰም አለው፣ ያውም የእውነት ሰም። የመዳቡ ሰሌዳ ሰም ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ የተጫረውን አሲድ ይበላዋል። ሰሙ ሲጠረግ የሚቀረው ነው የሚታተመው። ጣታችሁን በወረቀቱ ዳር ብታሳልፉ ሰሌዳው የተጫነበት ስርጉድ መስመር ይሰማችኋል።

አሁን ወደ ስልካችሁ ልምጣ። የምትልኩልኝ ሥዕል ሁሉ ጠርዝ የለውም። ስክሪንሾት፣ እንደገና ስክሪንሾት፣ ስሙ ተቆርጦ ቀኑ ጠፍቶ። የእኔ ቢላ እናንተ እጅ ገብታለች። ባለፈው አንዳችሁ የላካችሁልኝ ፐንች የተባለው የእንግሊዝ የቀልድ መጽሔት ሥዕል ትዝ ይላችኋል? እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን "እንድትዋጋ አንፈልግም፣ ከተዋጋህ ግን ምናልባት ቅር መሰኘታችንን ለዘብ ባለ የጋራ ማስታወሻ እንገልጻለን" ይሉታል። ሳቃችሁ፣ እኔም ሳቅኩ። ግን የወጣው ኦገስት 1935 ነው። ጣሊያን ድንበራችንን የተሻገረው ኦክቶበር 3 ነው። ቀኑን ስታውቁ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የምትሥሉም ካላችሁ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ከገዛችሁ ፕላስተር አታስነኩት፣ ፀሐይ ፊት አትስቀሉት። በእጅ የተቀባው ቀለም ቶሎ ይሸሻል።

ያቺ ቁራጭ ዛሬ ከሱቄ የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን በላይ ተሰቅላለች። አንድ ጣት ወርድ፣ ክንድ የማይሞላ ርዝመት፣ ጥሩ ፍሬም፣ ጥሩ መስታወት። ደንበኛ ሁሉ ቀና ብሎ ያያትና "ሥዕሉ የታለ?" ይለኛል።