በግድብ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የቀሩ ጦጣዎች

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ብዙ ኮረብታዎች ደሴት ሆነው መቅረታቸውን ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር ሲያሳስበኝ ሰንብቷል። በእንዲህ ያሉ ኮረብታዎች ላይ የሚኖሩ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ዙሪያቸውን ውኃ ሲከባቸው ምን ይሆናሉ? በሌላ አገር የተጠና ነገር ካለ ቢገልጹልኝ። ደግሞም ተመራማሪዎች የአንድ ደሴት ጦጣዎችን ለአሥርት ዓመታት ይከታተላሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ጥቂት ወራት አይበቃም ወይ?
አ. መ.፣ ከአሶሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ የተያያዙ ስለሆኑ ከሁለተኛው ብንጀምር የመጀመሪያው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ጥናቶች አንዱ የሚገኘው በፓናማ ነው። የፓናማ ቦይ ሲሠራ የቻግረስ ወንዝ ተገደበና በ1914 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጋቱን ሐይቅ ሲሞላ፣ አንድ በደን የተሸፈነ ኮረብታ ባሮ ኮሎራዶ የተባለ፣ 1,500 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ደሴት ሆነ። ደሴቱ በ1923 ለጥናት ተከለለ፤ ከ1946 ጀምሮ የሚያስተዳድረውም የአሜሪካው ስሚዝሶንያን ተቋም ነው። ክላረንስ ሬይ ካርፔንተር የተባለው ተመራማሪ በ1931 መጨረሻ ወደዚያ ሄዶ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማውን ጯሂ ጦጣዎች መከታተል ጀመረ።

የቆጠራው አሠራር ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መንጎቹ ጎሕ ሲቀድ ስለሚጮኹ፣ ቆጣሪው ከንጋት በፊት ጫካ ውስጥ ተገኝቶ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይመዘግብና ወደዚያው ያመራል። ጦጣዎቹ ዛፍ ላይ ተበታትነው ሳሉ በቅጠሉ መካከል በትክክል መቁጠር አዳጋች ነው። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ግን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተራ በተራ ስለሚያልፉ፣ ቆጣሪው ከሥር ቆሞ ወንዱን፣ ሴቷን፣ በጀርባዋ ያዘለችውን ግልገል ለይቶ ይጽፋል። ይህ ቅጽበት እስኪመጣ ግማሽ ቀን መጠበቅ የተለመደ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እንመልከት። ካርፔንተር በ1932 በ23 መንጎች 398 ጦጣ ቆጠረ፤ በ1933 በ28 መንጎች 489 ደረሱ። በ1951 ሌሎች ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ግን ያገኙት 239 ብቻ ነበር፤ ለመቀነሱ ምክንያት ተደርጎ የተወሰደውም በዚያን ጊዜ ፓናማን የጎበኘው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ነው። በ1959 ካርፔንተር ራሱ ተመልሶ ሲቆጥር 814 ሆነው ተገኙ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ1951 የመንጎቹ ብዛት 30 ነበር፤ ማለትም ከቀድሞው አልቀነሰም። የወደቀው በአንድ መንጋ ውስጥ ያለው አማካይ ቁጥር ነው፤ ከ17 ገደማ ወደ 8። በ1951 ለጥቂት ሳምንታት የመጣ፣ የቀድሞው መዝገብ በእጁ የሌለ ሰው፣ የዚህ ዝርያ መንጋ በተፈጥሮው ስምንት ያህል አባላት ብቻ እንዳሉት ጽፎ በሄደ ነበር። ጥቂት ወራት አይበቃም ወይ ላሉት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካትሪን ሚልተን የተባሉት ተመራማሪ ሥራውን በሌላ አቅጣጫ አራመዱት፤ ጦጣዎቹ ምን እንደሚበሉና በምን እንደሚሞቱ ለዓመታት ተከታተሉ። ጯሂ ጦጣ እንደ እኛው ጉሬዛ ቅጠል ይበላል፤ የጉሬዛን ዓይነት ባለ ብዙ ክፍል ጨጓራ ግን የለውም። ስለዚህ ምግቡን አንጀቱ ውስጥ 20 ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ፍሬ የሚያዘወትረው ሸረሪት ጦጣ በ4 ሰዓት ገደማ ነው የሚያሳልፈው። በተጨማሪም አንዲት ዝንብ እጯን በጦጣዎቹ አንገት ቆዳ ሥር ታሳድጋለች፤ ጥሩ ምግብ በሚታጣበት ወቅት ይህ ሲደረብባቸው የሚሞቱት ይበዛሉ። እነዚህ ነገሮች የሚታዩት ክረምትና በጋው ደጋግሞ ሲፈራረቅ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ የጦጣዎቹ ዕጣ በእጅጉ የሚወሰነው በደሴቱ ስፋት ነው። በቬኔዙዌላ የካሮኒ ወንዝ ተገድቦ በ1986 የጉሪ ሐይቅ ሲሞላ በርካታ ትናንሽ ደሴቶች ተፈጠሩ። ጃጓር፣ ፑማና ሐርፒ የተባለው ግዙፍ ንስር በእነዚህ ደሴቶች ሊኖሩ አልቻሉም። ጆን ተርቦርግና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አዳኝ በጠፋበት በዚያ ቦታ ጯሂ ጦጣዎች፣ ኢጉዋና የተባሉት እንሽላሊቶችና ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች በአካባቢው ካለው የብስ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ተጨናንቀው ተገኙ። የትልልቆቹ ዛፎች ችግኝ ክፉኛ ተመናመነ። ስለዚህ በአንድ ትንሽ ደሴት ላይ ብዙ ጦጣ ማየት ተመችቷቸዋል ማለት አይደለም፤ ነገ የሚበሉትን ደን ዛሬ እየጨረሱት ሊሆን ይችላል።

አዳኝን በተመለከተ ባሮ ኮሎራዶ ላይ የተደረገ አንድ ሙከራም መጥቀስ ይገባል። ሐርፒ ንስር ከደሴቱ ጠፍቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ1999 ሁለት ንስሮች ተለቀቁና አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ተመራማሪዎቹ የንስሩን ድምፅ በማጫወቻ ሲያሰሙ፣ ትውልዳቸው ንስሩን አይቶ የማያውቀው ጦጣዎች በአጭር ጊዜ መጠንቀቅን ተምረው ነበር። ለእኔ ከሁሉም ግኝት ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ስለ ሕዳሴው ሐይቅ የምጨምረው አለ። ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ከሆነ እስከ መጀመሪያው ቆጠራ 17 ዓመት ያህል አልፏል፤ በእነዚያ ዓመታት ምን ያህል ጦጣ እንደነበረ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የእኛ ሐይቅ መሞላት የጀመረው በ2020 ስለሆነ ጊዜው ገና አላለፈም። በጓሳና በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ፣ መንጋ መቁጠርና ፊት መለየት የለመዱ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም አሉን። ሥራው የትኛው ደሴት ላይ የትኛው ዝርያ እንደቀረ በመመዝገብ ሊጀመር ይችላል። በዚህ ጊዜ ውኃው ሲቀንስ ከየብስ ጋር የሚገናኙትን ደሴቶች ዓመቱን ሙሉ ከተከበቡት ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያዎቹ እንስሳው ሊወጣና ሊገባ ስለሚችል፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ከተቆጠሩ ቁጥሩ ስለየትኛውም የሚነግረን ነገር አይኖርም።