ቡና የማይቀዳው ጀበና፦ ዲጂታል ሥዕል ለምትማሩ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ከእናንተ መካከል ጥቂቶቹ ድሬ ደዋ ከዚራ ወደሚገኘው ቤቴ እየመጣችሁ አንድ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ጠይቃችሁኛል። አንዱ የትኛውን ታብሌት እንደሚገዛ፣ ሌላዋ የሰው ቆዳ የሚያሳምረው ብሩሽ የትኛው እንደሆነ፣ ሦስተኛው የትኛው ፕሮግራም ቶሎ እንደሚለመድ። እኔ ለሁላችሁም "ጀበና ሣሉ" ብያችሁ ነበር። መልሱ አጥሮባችሁ እንደሄዳችሁ ከፊታችሁ ተረድቻለሁ። ለምን እንዲያ እንዳልሁ አሁን በሰፊው ልጻፍላችሁ።

ሥዕልን የጀመርሁት በታፔላ ነው። 27 ዓመት ሙሉ መጋላና ከዚራ ውስጥ ለሻይ ቤቱ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለመድኃኒት መደብሩ በላሜራ ላይ ስጽፍና ስሥል ኖሬአለሁ። ቀለሜን በአኳራጅ እያቀጠንሁ፣ በድሬ ደዋ ፀሐይ መሰላል ላይ ቆሜ የሠራሁት ሥራ ልጆቼን አሳድጎልኛል። ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣ፤ በእጅ የሚጻፍ ታፔላ የሚያዝዝ ሰው በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ጠፋ። በ49 ዓመቴ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እንደ ተማሪ ሀ ብዬ ጀመርሁ። የሥዕል ታብሌት የገዛሁት ከዚያም በኋላ ነው።

አዲሱን መሣሪያ እንደ ለመድሁ አንድ የቡና ነጋዴ ለማሸጊያው የሚሆን ሥዕል አዘዘኝ። ጀበና፣ ስኒ፣ ጥቂት የቡና ቅርንጫፍ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀበና ሳላይ የዋልሁበት ቀን ስለሌለ ከአእምሮዬ ሣልሁት። ጥላውን አለሰለስሁት፣ እንፋሎቱን በልዩ ብሩሽ አስነሣሁት፣ ሲያዩት የሚያበራ ሥዕል ሆነ። ነጋዴው ወደደው። እናቱ ግን ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆዩና "ልጄ፣ ይህ ጀበና ቡና አይቀዳም" አሉኝ። መቅጃው ከሆዱ አጋማሽ ዝቅ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ገና ውኃው ሲሞላ በዚያ ይፈስሳል። ጆሮውም ያለ ቦታው ስለተተከለ የሚያዘነብለው ሰው እጅ ይጠመዘዛል። እኒያ እናት ሥዕል የሚባል ነገር ተምረው አያውቁም። ጀበናን ግን በእጃቸውም በዓይናቸውም ያውቁት ነበር፤ እኔ የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ጀበናውን ከማጀት አውጥቼ በር አጠገብ ዱካ ላይ አስቀመጥሁት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ሣልሁት። ዕቃን ፊት ለፊት አስቀምጦ መሣልን በሥዕል ትምህርት ቤት "ስቲል ላይፍ" ይሉታል። ስሙ ሲከብድባችሁ በቤታችሁ የሌለ ነገር የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጀበና፣ ሎሚ፣ ጊሽጣ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ፔርሙዝ፣ የተላጠ ሽንኩርት ይበቃል።

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ስጦታ ይመስለኛል። አንድ ወር፣ አንድ ዕቃ፣ 30 ሥዕል። ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆያችሁ ፀሐዩ ይዞራል፣ ጥላው ከነበረበት ይሄዳል፣ የጀመራችሁትና የምትጨርሱት ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። እሑድ እሑድ አምስት ሰዓት ተቀምጠው የሚሥሉ ልጆች አሉ፤ ትጋታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በሳምንቱ ውስጥ ዓይናቸው ያገኘውን ይረሳል፣ እሑድ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ጳጉሜን ሲደርስ ምንም አትሣሉ። በአምስቱ ቀን፣ በየአራት ዓመቱም በስድስቱ፣ የዓመቱን ሥዕሎች በየቀናቸው ተራ ደርድራችሁ እዩ። ስለዚህም የከፋውን ሥዕል ቢሆን አታጥፉት፤ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት።

በመጀመሪያው ወር ቀለም አትንኩ። ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው ግራጫ ብቻ ሥሩ፤ እሱንም በሦስት ደረጃ። ብርሃን ያረፈበት፣ ጥላ የሆነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋና እነዚህ ሦስቱ ይቀራሉ። ብሩሹ ትልቅና ክብ ይሁን። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ከጥላው ውስጥ አንድ ነገር ብቅ ይላል፤ የጀበናው ሆድ ከሥሩ በኩል ሙሉ በሙሉ አልጨለመም። ወለሉ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ወደ ላይ እየመታው ነው። እውነተኛው ጨለማ ያለው ጀበናው ከወለሉ ጋር በሚነካካበት ቀጭን መስመር ላይ ነው። ያንን መስመር ስታገኙ ዕቃው ይቀመጣል፤ እስከዚያ ድረስ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጀበናን ጥቁር ብዬ 27 ዓመት በጥቁር ቀለም ሞልቼዋለሁ። በብርሃን ላይ ያለው የጀበና ትከሻ በጥላ ውስጥ ካለ ነጭ ስኒ ጋር ሊተካከል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ወር ነው። ነጭና ጥቁር የሚለው ስም ዓይናችንን እንዴት እንደሚጋርድ እዩ!

ይህን ለማጣራት ወጪ የሌለው መሣሪያ አለ። በአንድ ግራጫ ወረቀት መሐል ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀዳዳው በኩል ስኒውን ብቻ፣ ከዚያም የጀበናውን ትከሻ ብቻ እዩ። በዙሪያው ያለው ሲሸፈን የዕቃው ስም ይጠፋል፣ የሚቀረው የብርሃኑ መጠን ነው።

የስኒውን አፍ ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ ምክንያቱም ሁላችሁም እዚያ ላይ ትሳሳታላችሁ። ከጎን የሚታይ ክብ አፍ ጫፉ እንደ ቅጠል አይሾልም፤ ጠቦ በሚዞርበት ቦታም ቢሆን ይዞራል። ከዓይናችሁ መስመር እየራቀ ወደ ታች በወረደ ቁጥርም እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ስኒ ሥር ከአፉ ይልቅ ክብ ነው። ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስድስት ስኒዎችን አንድ ሳምንት ሣሉ፣ ከዚያ በኋላ የመኪና ጎማም፣ የሰው አንገትም አይከብዳችሁም።

ኮምፒውተሩ ከሚሰጠን ነገር ውስጥ ለተማሪ ጉዳት የሚሆኑት ሦስት ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ማጉላት ነው። በወረቀት የሚሥል ሰው ራቅ ብሎ ያያል። እናንተ ግን የአንድ ሎሚ ቀዳዳ ቀዳዳ ቆዳ መላውን ስክሪን እስኪሞላ አጉልታችሁ ሁለት ሰዓት ትሠሩበታላችሁ፤ ወደ ኋላ ስትመለሱ ሎሚው ከሳሕኑ ይበልጣል። ለልምምድ ከ1000 ፒክስል የማይበልጥ ትንሽ ሸራ ይበቃል። ለኤ4 ህትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል፤ እሱ የሥራ ቀን እንጂ የመማሪያ ቀን አይደለም።

ሁለተኛው የመመለሻው ትእዛዝ ነው፣ ኮንትሮልና ዜድ። በላሜራ ላይ የተሳሳተ ፊደል ጨርቅና አኳራጅ፣ ከዚያም በላይ የደንበኛ ቁጣ ያስከትል ስለነበር ብሩሹ ከመውረዱ በፊት ዓይን ደጋግሞ ይለካ ነበር። አንዲት ልጅ ከአጠገቤ ተቀምጣ አንድ መስመር ስታሰምርና ስትመልስ ቆጥሬአለሁ፤ 40 ጊዜ ደርሳለች። መስመሩ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፣ ምክንያቱም በመሐል ወደ ዕቃው ቀና ብላ አላየችም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምንም አትመልሱ። የተሳሳተው መስመር ይቆይ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ አስምሩ፤ ስሕተቱ መለኪያ ይሆናችኋል።

ሦስተኛው፣ እኔንም አብዝቶ የሚያሳዝነኝ፣ ከፎቶግራፍ ላይ ቀለም መምጠጥ ነው። ፎቶውን ከፍቶ፣ ቀለሙን በአንድ ንክኪ ወስዶ፣ ሥዕሉ ላይ መለጠፍ። ቀለም ማለት በስክሪን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሚደርስ መጠን ተቀላቅለው የሚሰጡት ነገር ነው፤ ቁጥሩን ማሽኑ ሲመርጥላችሁ እናንተ ምንም አልወሰናችሁም። የስልክ ካሜራውም ቢሆን በራሱ ፈቃድ ወስኖላችኋል። በእኛ በር ላይ ያለው ብርሃን ኃይለኛ ስለሆነ ካሜራው ወይ ውጩን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል፣ ወይ ውስጡን ጥቁር አድርጎ ይዘጋዋል። ዓይናችሁ ግን ሁለቱንም ያያል። ዕቃው ፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ ምስሉን ለምን ትጠይቃላችሁ?

ቀለም ስትጀምሩ አንድ ቀን በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር ውጡ፤ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀጎል ውስጥ በቀጫጭኖቹ መንገዶች ግድግዳው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ተቀብቷል። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው በአረንጓዴው ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ ነጠላው ላይ በጥላው በኩል አረንጓዴ ያርፋል፤ አምስት እርምጃ ሄዶ ሰማያዊው ጋ ሲደርስ ይለወጣል። ይህን አንድ ጊዜ ቆሞ ያየ ሰው ዳግመኛ ጥላን በጥቁር አያቀልምም።

ሐረር ከደረሳችሁ ስፌት ሳታዩ አትመለሱ። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የሐረሪ ስፌቶች የሠሩ እጆች ስለ ቀለም ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። አንዱን ተዋሱ ወይም ግዙና አንድ ወር ሣሉት። ዲጂታል ሥዕል የሚማር ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል። ጥለቱን አንድ ጊዜ ሠርቶ እንደ ማኅተም መደርደር ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችሁ እንዲያ ስታደርጉ አይቻለሁ። ውጤቱ በስፌት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። የሞሰብ ክዳን እየዞረ ሲሄድ ጥለቱም አብሮት ይዞራል፤ መሐል ላይ ሰፊ የነበረው ቅርጽ ወደ ጠርዙ ሲቀርብ ይጠባል፣ ቀለሙም በጥላው በኩል ይሰክናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ በሚነባበረው የሥዕል ገጽ) ላይ ምንም ጥለት የሌለበት፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ያለበት ክዳን ሣሉ። እሱ ክብ ሆኖ ከታያችሁ በኋላ ጥለቱን በሌላ ሌየር፣ በእጃችሁ፣ አንድ በአንድ አስገቡ። አሰልቺ ነው። ሰፊዋም ስትሰፋው አንድ በአንድ ነው ያስገባችው።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ክሪታና ጊምፕ የሚባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ ለዓመታት ይበቁአችኋል። ስክሪን የሌለው ርካሽ ታብሌት ይበቃል፤ እጅ ከታች ዓይን ከላይ መሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ብዕሩ 8192 የግፊት ደረጃ አለው ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ። ስልክ ብቻ ያላችሁም በስልክ ጀምሩ፤ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ማስተካከያ ግን አጥፉት፣ ቀለማችሁን ያበላሻል። መብራት ሲጠፋ እርሳስና ወረቀት አለ፤ የዚያ ቀን ሥዕልም ከ30ዎቹ አንዱ ነው።

"እኔ አብስትራክት ነው የምወደው፣ ሎሚ ምን ያደርግልኛል?" ያለኝ ልጅ ነበር፤ አብስትራክት ማለቱ ዕቃን እንደሚታየው የማያሳይ ሥዕል ነው። ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአገራችን በአብስትራክት ሥዕል ስሙ ከሚነሣው ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ ሰውንና አካባቢውን የሣለባቸው ሥራዎችም አሉት። ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ደግሞ ከ1890 እስከ 1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖረበት ዘመን ብዙውን ዕድሜውን ቦሎኛ ውስጥ ያንኑ ጠርሙስ፣ ያንኑ ማሰሮ፣ ያንኑ ሳጥን ቦታቸውን እየለዋወጠ ሲሥል አሳልፏል። ነገሩ አላለቀበትም።

በቃል ሲታዘዙ ሥዕል ስለሚያወጡት ፕሮግራሞችም ጠይቃችሁኛል። ፍርሃታችሁ ገብቶኛል፤ አንድ ጊዜ ሙያ ከእጄ ሲሄድ አይቻለሁና። እነሱ የሚያወጡትን ጀበና አይቻለሁ፤ ያምራል፣ እንፋሎቱም ይነሣል። ከመካከላቸው ቡና የማይቀዳውን ለይቶ የሚያወጣ ሰው ግን ያስፈልጋል። ያ ሰው ጀበናን 30 ቀን አስቀምጦ ያየ ሰው ነው።

በዚህ በጥቅምት ወር የያዝሁት የአባቴን ፋኖስ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠሩ ይይዙት የነበረ፣ መስታወቱ ከአንድ ጎን የተሰነጠቀ። ዛሬ 12ኛውን ሣልሁ። የመስታወቱን የግራ ጠርዝ እስከ ትናንት ድረስ ነጭ እያደረግሁት ነበር። ዛሬ ወረቀቴን በስቼ ሳየው ነጭ አይደለም፤ ከግቢው ማዶ ያለው የጎረቤቴ አጥር ሰማያዊ ቀለም እዚያ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ ስንጥቁ ጋ ሲደርስም ለሁለት ይከፈላል። በምን ያህል እንደሚከፈል ገና አልያዝሁትም። ነገ ፀሐዩ ከአጥሩ ሳይወርድ እቀመጣለሁ፤ መምጣት የምትፈልጉ ከ1 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ በሩ ክፍት ነው።