ክረምቱን ከነልጆች ወደ ጅማ፦ ጥያቄና መልስ

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ዘንድሮ እንኳን ልጆቹን ይዘን ጅማ እንሂድ» የሚለው ወሬ በየቤቱ ይነሳል። እኔ የምኖረው ጅማ ነው። ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ስለተበታተኑ መንገዱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጉዞ ያሰቡ ቤተሰቦች የጠየቁኝ ናቸው።

ክረምት ላይ ዝናብ ነው። እስከ መስከረም ብንቆይ አይሻልም?

ለመንገዱ ይሻል ነበር። ግን መስከረም ላይ ልጆቹ ወደ ትምህርት ይመለሳሉ፣ እናንተም ፈቃድ አታገኙም። ስለዚህ ዝናቡን ልመዱት። ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ይከፍትና ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። የሚታይ ነገር ካለ ጠዋት እዩት፣ ከሰዓቱን ለዘመድ ቤት ተዉት። ዋናው አስፋልት ያስኬዳል። የሚያስቸግረው ከአስፋልቱ የሚገነጠለው ጭቃ መንገድ ነው። በቪትዝ እዚያ ውስጥ አትግቡ። ፏፏቴ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም።

ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የት የት እንረፍ?

ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ከልጆች ጋር ሙሉ ቀን ያዙለት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰበታን ካለፋችሁ ቀኑ የእናንተ ነው። ቁርስ ወሊሶ (114 ኪሎ ሜትር ላይ)፣ ቀጥሎ ወልቂጤ። ነዳጅ ወልቂጤ ላይ ሙሉ። ጎማውንም እዚያው አስነፉ፤ ስኮርታውን ማየት አትርሱ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። የጉዞው ትልቁ ትዕይንት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ተኝቶ ያልፈዋል። ከደጋው አረንጓዴ ወደ ቆላው ግራር በአጭር ጊዜ ትደርሳላችሁ። ሹራብ ለብሶ የወጣ ልጅ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። ሹፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ፣ ፍሬን ላይ ብቻ አይተኛ። ከባድ መኪናዎች አሉና ኩርባ ላይ መቅደም አይሞከርም። ማስታወክ የሚቀናው ልጅ ካለ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ፌስታልም እጅ ላይ ይኑር።

ከድልድዩ ማዶ ሽቅብ ነው። ሳጃን አልፋችሁ ሰኮሩ ስትደርሱ ክረምት ላይ ጭጋግ ሊያጋጥም ይችላል። ከዚያ ደነባና አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ይታያል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ነገር ንገሯቸው፤ ይህ ውሃ እዚህ ሠርቶ አያበቃም። ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ይሄድና ግልገል ጊቤ ሁለት ላይ እንደገና መብራት ያመነጫል። የኔ ወንድም ልጆች መንገድ ሙሉ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው መጥተው ቀና ያሉት ይህን ሲሰሙ ነው።

መኪናችን ኤሌክትሪክ ነው። ያደርሰናል?

ዳሽቦርዱ ላይ የምታየው ኪሎ ሜትር ለሜዳ የተሰላ ነው፤ ጊቤን አያውቅም። ቁልቁለቱ ጥቂት ቻርጅ ይመልስልሃል፣ ሽቅቡ ግን ከዚያ በላይ ይበላል። አምስት ሰውና ሻንጣ ከጫንክ ደግሞ ይብሳል። ወሊሶ ወይም ወልቂጤ ላይ የት ቻርጅ እንደምታደርግ በስልክ አረጋግጠህ ካልሆነ አትነሳ። ጅማ ከደረስክ በኋላ ከዘመድ ቤት ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ይቻላል። ግን መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሳታስፈቅድና ሳትጠይቅ አትሰካ። ቆጣሪውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ስትወጣ አስብለት።

ዘመዶቻችን ብዙ ናቸው። አራት ቀን ብቻ ነው ያለን። ዘመድ ወይስ ሽርሽር?

የዘመድ ጉዞ በኪሎ ሜትር አይለካም፣ በቤት ነው የሚለካው። አንድ ቤት ከገባችሁ ግማሽ ቀን ሄደ በሉ። ምሳ ይቀርባል፤ ቡናው ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል መነሳት የለም። «አንድ ሰዓት ብቻ ቁጭ ብለን እንወጣለን» የሚል ዕቅድ አዲስ አበባ ይቅር። በቀን ሁለት ቤት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የዘመዶቹን ስም ጻፉ፣ ቤት ቁጠሩ፣ ከተረፈው ቀን ላይ ፏፏቴውን አስገቡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይበላሻል።

ቅደም ተከተሉም ወግ አለው። ከመጨረሻ ጉብኝታችሁ ወዲህ ሰው የሞተበት ቤት ካለ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚኬደው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ጀርባውን ለፏፏቴ ሰጥቶ ፎቶ ሲነሳ ከታየ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ፤ አያት ካሉ አያት። አራስ ያለችበት ቤትም ችላ አይባልም። ለእኩዮቻችሁ የአጎት ልጆች ግን ቤት ለቤት መዞር አያስፈልግም። አንድ ቤት ጥሯቸው፣ ወይም አብራችሁ ሽርሽር ሂዱ። እነሱም አብዛኛውን የአገራቸውን ፏፏቴ አላዩትም!

ሆቴል ማረፍን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከትልቁ ዘመድ ቤት እደሩ። ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ልጆቹ ይደሰታሉ። በማግስቱ «ቤቱን አናጨናንቅ» ብላችሁ ሆቴል ብትይዙ የሚቀየም የለም። በመጀመሪያው ቀን ካደረጋችሁት ግን ለዓመታት ይነሳል።

እኛ የፍልሰታ ጾም እንጾማለን፤ የባለቤቴ ቤተሰቦች ሙስሊም ናቸው። ነሐሴ ላይ ብንሄድ ማንን እናስቸግራለን?

እህቴ፣ ጅማ ለዚህ አዲስ አይደለችም። ሁለቱም ሃይማኖት ያለበት ቤተሰብ እዚህ ብዙ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሳትነግሪያቸው ስትሄጂ ነው፤ በግ ታርዶ ይጠብቅሻል። ቀድመሽ ደውዪ። «ነሐሴ 1 እስከ 15 ጾም ላይ ነን» በያቸው። ሽሮና አትክልት ይሠራሉ፤ ደስ ብሏቸው። ሥጋ መብላት ከፈለጋችሁ ሐምሌ መጨረሻ ኑ፣ ወይም ከነሐሴ 16 በኋላ። ያኔም ቢሆን እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚበላው። ለክርስቲያን እንግዳ ጎረቤት ጠርቶ ዶሮ ማሳረድ የተለመደ ነው፤ አትሽቆጠቆጪ።

ጅማ ከተማ ውስጥ ከልጆች ጋር ምን ይታያል?

ጅሬን። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ንጉሡ ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የገዙ ናቸው። ለምኒልክ በሰላም ስለገበሩ ጅማ በእሳቸው ዘመን የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። የእንጨት ሥራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የጅማ እጅ ዛሬም በባርጩማው ላይ ያለው ያ ነው። ከደጁ ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ክፍት መሆኑን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። የንጉሡን ዕቃዎች ከተማው ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ለዝናባማ ከሰዓት ጥሩ ነው።

ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ። ልጆች ይወዱታል። ግን ጉማሬ ሲመሽ ሳር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፤ በውሃውና በእሱ መካከል የገባን ሰው አይምርም። በጊዜ ሂዱ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ልጅ እጃችሁን አይልቀቅ።

ሐሙስ ከዋላችሁ ሂርማታ ገበያ ውጡ። መኪናችሁን ቤት አቁሙና በባጃጅ ሂዱ።

አንድ ፏፏቴ ብቻ ምረጥልን። ሶር ይሻላል ወይስ በርታ?

ሶር ይበልጣል፣ በውበቱም በግርማውም። ግን መቱ አጠገብ ነው። ከጅማ በበደሌ በኩል መቱ ብቻ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከዚያ ገና የገጠር መንገድና በጫካ ውስጥ በእግር መውረድ አለ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይታሰብም። መቱ ወይም በደሌ ዘመድ ከሌላችሁ ተዉት።

ስለዚህ ለእናንተ በርታ፣ ቦንጋ አጠገብ። ቦንጋ ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ አስፋልት ነው። መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው። በለጠ ጫካ ውስጥ ሲያልፍ መስኮት ከፍታችሁ ቀስ በሉ፤ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ሸቤን አልፋችሁ ጎጀብን ስትሻገሩ ከፋ ገባችሁ። የከፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበው በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቦንጋ የቡና ሙዚየም አለ፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ድልድይም እዚያው አካባቢ ነው። ለፏፏቴው ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፤ የአካባቢ ልጅም ይዛችሁ ግቡ። ቦንጋ አንድ ሌሊት እደሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቡና የተገኘው የት ነው?» ብላችሁ ገበታ ላይ አትጠይቁ። የጎማ ወረዳ ሰው ጮጬ ይላችኋል፣ የከፋ ሰው ማንኪራ። ምሳው ይቀዘቅዛል።

ልጆቼ ቡና ሲለቀም እንዲያዩ ፈልጌ ነበር።

በክረምት ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ዛፉን፣ ጥላውንና ጥሬውን ፍሬ ግን በማንኛውም ዘመድ ጓሮ ያያሉ። አክስት ስትቆላና ስትወቅጥ አብረዋት ይሥሩ፤ ያ ይበቃል።

በዚያው ወንጪንና ሃላላ ኬላን ብንጨምርስ?

ወንጪ ይሆናል፣ ግን ጅማ በምትደርሱበት ቀን አይደለም። ስትመለሱ ወሊሶ እደሩና ጠዋት ውጡ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይበርዳል፤ ክረምት ላይ ሐይቁን ጭጋግ ሊጋርደው ይችላል። ሃላላ ኬላ ዳውሮ ነው። ራሱን የቻለ ጉዞ ይፈልጋል። በአራት ቀን ውስጥ አታስገቡት።

መንገዱ ሰላም ነው?

ይህ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ነገር ነው። ከእኔ ይልቅ መንገዱ ላይ ያለ ዘመድ ይጠየቅ፤ በመነሻው ዋዜማም፣ በመነሻው ጠዋትም ደውሉ። ከመሸ አትንዱ። መታወቂያ የሁሉም አዋቂ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል። ወባም አለና አጎበር ያዙ፣ በተለይ ለሕፃናት።

ምን ይዘን እንሂድ? ምንስ ይዘን እንመለስ?

ቡና ይዞ ጅማ የሚሄድ የለም። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ይወሰዳል። ለአያት ጋቢ፣ ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ፤ መስከረም እየመጣ ነው። ስትመለሱ ማርና ባርጩማ ግዙ። ማሩን ከማታውቁት ሰው መንገድ ዳር አትግዙ፤ ዘመድ ያስገዛችሁ። ቡና ይሰጧችኋል፣ እምቢ አይባልም። ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ችግር የለውም። አጎት ደስ ብሏቸው ጆንያ ሙሉ ከጫኑላችሁ ግን በትህትና ቀንሱ። ብዙ ቡና ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ ኬላ ላይ ያስይዛል፤ «ስጦታ ነው» ማለቱ አያስለቅቅም።