የዛገ ፒካፕና የሠሪው ወገብ

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ እየጠገንኩት ነው። የአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ በመሆኑ ሥሩ በዝገት ተበልቷል። የባሌስትራውን (ከሥር ጭነቱን የሚሸከመውን ተነባባሪ የብረት ሞላ) ብሎኖች ለመፍታት ስታገል ሰነበትኩ። አሁን ጠዋት ስነሳ ወገቤ አልታጠፍ ይላል፣ አንገቴ ደርቋል፣ ሌሊት ደግሞ የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ዕድሜዬ 52 ነው። ልተወው ወይስ መላ አለው? (ከሎጊያ)

መልስ፦ መላ አለው። ለዚህ ያበቃዎት ያልራሰ ብሎን ላይ በጀርባ ተኝተው ሙሉ ጉልበትዎን ማውጣትዎ ነውና ከብሎኑ እንጀምር።

በመጀመሪያ ጨዉን ያጥቡ። በሻንሲው ቀዳዳዎች የውኃ ጎማ እያስገቡ ንጹሕ ውኃ እስኪወርድ ድረስ ይልቀቁበት፤ ሲደርቅ የብሎኖቹን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ ካልተገኘ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅለው ይቀቡ። አሴቶኑ ከዘይቱ ስለሚለያይ በየጊዜው ይበጥብጡት፤ እሳትም አያስጠጉት። ናፍጣ ብቻውንም ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። ማታ ቀብተው የብሎኑን ራስ በመዶሻ ጥቂት ጊዜ መታ መታ ያድርጉት፤ ንዝረቱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል። ጠዋትም ማታም ይድገሙና በማግስቱ ይሞክሩ። ሲሞክሩም መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው።

በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ 40 ኪሎ ጉልበት የሚጠይቅ ብሎን፣ ቱቦ ተሰክቶበት እጀታው 75 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 13 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። የብሎኑን ራስ የሚውጠው ቡሶላ ባለ 6 ማዕዘን ይሁን፤ ባለ 12ቱ የዛገ ራስ ላይ ይንሸራተትና እጅዎን ከብረት ጋር ያላትመዋል። ቁልፉን ወደ ራስዎ ይሳቡ። መግፋት ግድ ከሆነ ጣቶችዎን ዘርግተው በመዳፍዎ ይግፉ።

የባሌስትራው ጉዳይ ግን ይለያል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የ«ዩ» ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች እንዲህ ከዛጉ በኋላ ተመልሰው አይገቡም፤ በአዲስ መቀየር አለባቸው። ለሚጣል ብሎን ትከሻ ማጥፋት ምን ይባላል? በግራይንደር ይቁረጧቸው። መከላከያው ከዲስኩ ላይ አይነሳ፤ በአቅራቢያ የነዳጅ ቧንቧ ወይም የፍሬን ጎማ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፣ አሸዋም አጠገብዎ ይኑር።

ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ብሎኬት ከሥር አያስገቡ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት መቆሚያ ወይም ሰፊና ጠንካራ ሳንቃ ተነባብሮ ሻንሲው ሥር ይግባ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግባቸው፤ ከመግባትዎ በፊትም መኪናውን ከጎን ገፋ ገፋ አድርገው ይፈትሹ።

አሁን ወደ ሰውነትዎ። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተኝተው ወደ ላይ ቀና ባሉ ቁጥር ይህን የሚሸከመው አንገትዎ ነው፤ የታጠፈ ብርድ ልብስ ቢንተራሱ ይቀልለዎታል። ከወገብዎ ሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ በየ20 ደቂቃው ወጥተው ጥቂት ይራመዱ። በሎጊያ ፀሐይ ደግሞ ሥራው በማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ውኃ ያነሰው ሰውነት ቶሎ ይደክማልና።

የጣትዎ መደንዘዝ በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ መጨነቁን ሊያመለክት ይችላል። አጥብቆ መጨበጥና የግራይንደር ንዝረት ያባብሱታል። ሁለት ሳምንት ግራይንደሩን ለሌላ ሰው ይስጡ፤ ሌሊት አንጓዎ እንዳይታጠፍ በመደገፊያ ይሰሩት። ቀንም ከደነዘዘ ወይም አውራ ጣትዎ ከደከመ ሐኪም ይየው። የወገቡ ሕመም ወደ እግር ከወረደና እግር ከሰነፈ፣ ከብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት ከከለከለ ግን ያንኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዝገት ስፈግፍግ ብናኝ ዓይኔ ገባ። ጓደኛዬ በክብሪት እንጨት ላውጣልህ ይላል። ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንጨቱን ለክብሪት ይተውለት። አይሹት፤ በንጹሕ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ዓይንዎን እያርገበገቡ ይጠቡ። ካልወጣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ ብረት በዓይን ብሌን ላይ ሲቆይ ራሱ ይዝግና ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል፣ ያን ማውጣት ደግሞ ከብናኙ ይከብዳል። በመዶሻ ወይም በግራይንደር ሲሠራ የተፈናጠረ ስባሪ ዓይን ከወጋ ግን አይታጠቡም፣ አይነኩትምም። በወረቀት ኩባያ ሸፍነው ወዲያው ሆስፒታል። ለወደፊቱ ጎንና ጎኑ የተዘጋ የሥራ መነጽር ይግዙ፤ የፀሐይ መነጽር አያድንም።

ጥያቄ፦ የዛገ ላሜራ መዳፌን ቆረጠኝ። ዝገት መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው። ዝገት ሻካራ ስለሆነ ቆሻሻ ይይዛል፣ ቁስሉም ጠልቆ ይገባል። በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡት። መሠረታዊ ክትባቱን ጨርሰው፣ የመጨረሻውን ከወሰዱ ግን 5 ዓመት ካለፈዎት፣ ለእንዲህ ያለ ቁስል ማጠናከሪያ ያስፈልግዎታል። የአዋቂዎች የቴታነስ ክትባት ዘመቻ በአብዛኛው ያተኮረው በመውለድ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ስለነበር፣ ብዙ ወንዶች ተከትበው አያውቁም ወይም አያስታውሱም። እርስዎም ከነዚያ ከሆኑ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የኋላው የፍሬን ታምቡር አልላቀቅ ብሎኝ በመዶሻ ስደበድብ ክርኔ አበጠ። ሌላ ዘዴ አለ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለ። የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈልጉ። በቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ይገባባቸዋል። ሁለት ብሎን አስገብተው ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ያጥብቁ፤ ታምቡሩ ራሱን እየገፋ ይወጣል። ከጠነከረ አያስገድዱት፤ መሐል ላይ ካለው ቀለበት ዙሪያ ዝገት ማላቀቂያ ቀብተው ያሳድሩት። ከወጣ በኋላ ውስጡን በአፍም በኮምፕረሰርም አይንፉ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳል። ውኃ ረጭተው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥረው ይጣሉ።