ጎተራው በነፃ ቢሰጠኝ ያዋጣኛል?

ሰሞኑን ለዚህ አምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ ስለ አንድ ሥራ የሚጠይቁ ናቸው፤ ይኸውም ያረጁ የእንጨት ጎተራዎችን በጥንቃቄ አፍርሶ ጣውላቸውንና ምሰሶዎቻቸውን ለአናጺዎችና ለቤት ዕቃ ሠሪዎች የመሸጥ አነስተኛ ንግድ ነው። ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ የእርሻ ጎተራ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ባለቤቱ «አፍርሰህ ቦታውን ካጸዳህልኝ እንጨቱን በነፃ ውሰደው» ብለውኛል። ሁለት ወንድሞቼ ሊያግዙኝ ፈቃደኞች ናቸው፤ የጭነት መኪናም በኪራይ አገኛለሁ። ሥራው ያዋጣኛል ወይስ ጉልበቴን ጨርሼ ባዶ እጄን እቀራለሁ?

መልስ፦ «በነፃ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉት። ባለቤቱ ጎተራውን በሌላ ሰው አስፈርሰው ቦታውን ቢያስጸዱ ኖሮ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር፤ አሁን ያንን ወጪ እርስዎ በጉልበትዎ ሊሸፍኑላቸው ነው፤ ስለዚህ እንጨቱ የሥራዎ ክፍያ እንጂ ስጦታ አይደለም። በመሆኑም መጀመሪያ ሊያሰሉት የሚገባው እንጨቱ ስንት እንደሚያወጣ ሳይሆን፣ አንዱ ጣውላ ከግድግዳው ወርዶ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ፣ ጫፉ ተስተካክሎና ተደርድሮ ለገዢ እስኪቀርብ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። እንደ እኔ እምነት በዚህ ንግድ ውስጥ ለኪሳራ የሚዳርገው ከእንጨቱ ጥራት ይልቅ ይህን ስሌት መዝለል ነው።

ሰዓቱን በግምት አያስቀምጡ። ባለቤቱን አስፈቅደው አሥር ጣውላ ብቻ ያውርዱ፤ አምስቱን ዝናብና ፀሐይ ከሚመታው ወገን፣ አምስቱን ደግሞ ከተከለለው ወገን ይምረጡ። ከመጀመሪያው ሚስማር አንሥቶ ጣውላው ክምር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያለውን ጊዜ ይመዝግቡ። ከአሥሩ ለሽያጭ የሚበቁት ስድስት ብቻ ከሆኑ የአሥሩን ድካም ለስድስቱ ያካፍሉ፤ ምክንያቱም ገዢው የተሰነጠቁትን አራት ጣውላዎች አይከፍልልዎትም። ይህ የግማሽ ቀን ሙከራ ከማንኛውም ሰው ምክር፣ የእኔንም ጨምሮ፣ የተሻለ መልስ ይሰጥዎታል።

ቀጥሎ ሜትር፣ ስለታም ቢላዋና ደብተር ይዘው ጎተራውን ከጣሪያው ጀምረው ይመርምሩ። ጣሪያው ያፈሰሰበት ቦታ ካለ ከበታቹ ያለው ሁሉ መጠርጠር አለበት፤ ውኃው ወጋግራውን፣ አግዳሚውንና የምሰሶውን ግርጌ ተራ በተራ እያበሰበሰ ይወርዳልና። የእያንዳንዱን ምሰሶ ግርጌ በቢላዋው ጫፍ ይውጉት፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከሰመጠ ያንን ክፍል ከሒሳብዎ ያውጡት። የግድግዳ ጣውላም ቢሆን ሚስማር የዛገበትን ጫፉን መቁረጥ የተለመደ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከሆነው ጣውላ ከሁለቱም ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ቢቆርጡ የሚቀርዎት 2.70 ሜትር ነው፤ ይህም ማለት ስንጥቅና ብስባሽ ከመቆጠሩ በፊት ከመቶ አሥሩ ሄዷል።

ስለ ክብደቱም ያስቡበት። ወርዱም ውፍረቱም 20 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ አግዳሚ 0.24 ሜትር ኩብ ይሆናል። የደረቀ የኦክ እንጨት በአማካይ በሜትር ኩብ 700 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ይህ አንድ አግዳሚ ከ165 ኪሎ ግራም በላይ ነው። እርስዎና ሁለት ወንድሞችዎ መሬት ላይ ልታንከባልሉት ትችሉ ይሆናል፤ ከአራት ሜትር ከፍታ ላይ ግን በሰው እጅ አይወርድም። የማንሻ ማሽን ኪራይ በሒሳብዎ ውስጥ ከሌለ ሒሳቡ ገና አላለቀም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ለእርስዎና ለወንድሞችዎ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያነሰ የሚያስቀር ከሆነ ባለቤቱን የማፍረሻውን ወጪ በከፊል እንዲሸፍኑ ይጠይቋቸው፤ ካልተስማሙም ሥራውን አይቀበሉ። ከተስማሙ ደግሞ ጉርብትና ቢኖርም ውሉ በጽሑፍ ይሁን። «ቦታውን ማጽዳት» የሚለው ሐረግ የድንጋይ መሠረቱን፣ የበሰበሰውን ድርቆሽና የዛገውን ቆርቆሮ ይጨምር እንደሆነ፣ ሥራው መቼ እንደሚጠናቀቅ፣ ሰው ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ እንዲሁም ጎተራው በእርግጥ የእርሳቸው ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ወራሾች ከፈረሰ በኋላ ብቅ ሲሉ እንጨቱን ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። ሕንጻው በቅርስነት የተመዘገበ ወይም የማፍረሻ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑንም ከሚመለከተው የአካባቢ አስተዳደር አስቀድመው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ ሕንጻውን ሳይጎዳ ለማፍረስ ከየት መጀመር ይሻላል? አንድ ባልንጀራዬ በገመድ አስሮ በትራክተር መጎተት ይቀላል ይለኛል።

መልስ፦ የባልንጀራዎ ዘዴ ይቀላል፤ ነገር ግን የሚተርፍዎት አብዛኛው ማገዶ ይሆናል። ጎተራ የሚፈርሰው በተሠራበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ የጣሪያው ክዳን፣ ከዚያ የግድግዳው ጣውላና የወለሉ ንጣፍ፣ ቀጥሎ ወጋግራው፣ በመጨረሻም ትልልቆቹ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ይወርዳሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ባረጀ ጎተራ ውስጥ የግድግዳው ጣውላ ሽፋን ብቻ ሳይሆን ሕንጻው እንዳያዘነብል የሚይዝ ደጋፊም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጣውላውን ከማንሣትዎ በፊት ምሰሶዎቹን ከውስጥ በሰያፍ ድጋፍ ያስሯቸው፤ ነፋስ በሚበረታበት ቀንም ራቁቱን የቀረውን የምሰሶና የአግዳሚ አጽም አይንኩ።

አጽሙ በሚስማር ሳይሆን የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ካስማ የተያያዘ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። እነዚህ ካስማዎች ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን እየቀጠኑ ስለሚሄዱ ከቀጭኑ ጫፍ በኩል በመዶሻ ይምቷቸው፤ ከወፍራሙ በኩል ከተመቱ ይበልጥ ይጣበቃሉ። በመገጣጠሚያዎቹ አጠገብ የሮማውያን ቁጥር የሚመስሉ በመሮ የተቀረጹ ምልክቶች ካገኙ አይላጓቸው። የጥንቶቹ አናጺዎች የትኛው እንጨት ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ያወቁት በእነርሱ ነው፤ እርስዎም በየእንጨቱ ላይ የራስዎን መለያ ለጥፈው በፎቶግራፍና በንድፍ ከመዘገቡት አጽሙን እንዳለ መልሶ ለሚተክል ገዢ መሸጥ ይችላሉ። እንዲህ ዓይነት ገዢ ከተገኘ አጽሙን ቆራርጦ ከመሸጥ ይልቅ ሙሉውን መሸጥ የተሻለ ነው።

ስለ ጤናም ጥቂት ልበል። የአይጥ፣ የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ የተከማቸበትን ቦታ በደረቁ መጥረግ አደገኛ ነው፤ ብናኙ ሳንባን የሚያጠቁ በሽታዎችን ያስተላልፋል። የአይጡን ኩስ በበረኪና ውኃ አርጥበው ያንሡት፣ ብዙ የወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ ካለ ደግሞ በዚህ የሠለጠነ ሰው ያማክሩ፤ በሁለቱም ጊዜ ረቂቅ ብናኝ የሚያግድ የአፍና አፍንጫ መከለያ ያድርጉ። ክዳኑ ቆርቆሮ ሳይሆን ሲሚንቶ የሚመስል ያረጀ ሞገዳማ ሰሌዳ ከሆነ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ሳያስመረምሩ አይስበሩት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎንም ያሳድሱ፤ ሚስማር መርገጥዎ አይቀርምና።

ጥያቄ፦ ያወረድኩት ጣውላ ግራጫና ሻካራ ነው። በውኃ ግፊት አጥቤ፣ በማሽን ልጌ ብሸጠው የተሻለ ዋጋ አያወጣም?

መልስ፦ አይላጉት። ግራጫው ቀለም የሚፈጠረው የፀሐይ ብርሃን እንጨቱን አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከላይኛው ገጽ ላይ ስለሚሰባብረውና ዝናብ ስለሚያጥበው ነው። ይህ ለውጥ ያለው በስሱ ቆዳው ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ መላጊያ ሲያልፍበት የዘመናት ሥራ በደቂቃ ይጠፋል፤ የሚቀርዎትም ሚስማር የበሳው ተራ ጣውላ ነው። ኃይለኛ የውኃ ግፊትም እንዲሁ ገጹን ይገሸልጠዋል። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። መላግ የፈለገ ገዢ ራሱ ይልገዋል፤ ግራጫውን የፈለገ ግን የተላገውን አይገዛዎትም።

ከማጽዳት ይልቅ ጊዜዎን በማንበብ ላይ ያውሉት። እንጨቱ ላይ ያለው የመሣሪያ ዱካ ታሪኩን ይናገራል፤ የመጥረቢያ ምት ያለበት አግዳሚ በእጅ የተጠረበ ነው፤ ቀጥ ብለው ትይዩ የሚሄዱ የመጋዝ መስመሮች ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሠራ መጋዝ፣ ቅስት መስመሮች ደግሞ ከክብ መጋዝ የመጡ ናቸው። ሚስማሩም ይመሰክራል፤ በአንጥረኛ እጅ የተቀጠቀጠው በአብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት፣ ከብረት ዝርግ ተቆርጦ የተሠራው አራት ማዕዘኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ የምናውቀው ክብ የሽቦ ሚስማር ደግሞ ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋ ነው። የዛፉ ዓይነትም ዋጋውን ይወስናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የአሜሪካ ቼስትነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በኒው ዮርክ የታየው የፈንገስ በሽታ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን ስላጠፋ ዛሬ ይህ ጣውላ በዋነኛነት የሚገኘው ከአሮጌ ሕንጻዎች ነው። እርግጠኛ ያልሆኑበትን እንጨት ግን በስሙ አይሽጡ፤ ትንሽ ቁራጭ ለእንጨት ባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

ቀለም የተቀባው ጣውላ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል ሳያስመረምሩ አይሞርዱት፣ አያቃጥሉትም። ክሪዮሶት (እንጨት እንዳይበሰብስ የሚቀባ ጥቁር ቅባት) የተቀባ ወይም አረንጓዴ የመሰለ መድኃኒት የጠጣ እንጨት፣ እንዲሁም የፀረ ተባይ ኬሚካል ይቀመጥበት ከነበረ ወለል የወጣ ጣውላ ምግብ ለሚቀርብበት ጠረጴዛ አይሆንም፤ በውስጥ ክፍልም አይገባም።

ጥያቄ፦ ለአንድ አናጺ የሸጥኩት ጣውላ ጠረጴዛ ከተሠራበት በኋላ ተጣመመ፤ ከእግሩም ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። አናጺው ገንዘቡን እንድመልስለት ይጠይቀኛል። እንጨቱ መቶ ዓመት የደረቀ ሆኖ ሳለ እንዴት ይጣመማል?

መልስ፦ እንጨት ዕድሜው ምንም ያህል ቢረዝም በዙሪያው ካለው አየር ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። ጎተራ ውስጥ የከረመ ጣውላ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ እርጥበት ይይዛል፤ ማሞቂያ ባለው ደረቅ ቤት ውስጥ ግን ከ6 እስከ 9 በመቶ ወዳለው መጠን ይወርዳል። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኦክ ጣውላ እርጥበቱ በስድስት የመቶኛ ነጥብ (ለምሳሌ ከ14 ወደ 8 በመቶ) ሲቀንስ በወርዱ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊኮማተር ይችላል፤ ጠረጴዛውን ለማጣመም ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ዱቄቱ የነቀዝ ሥራ ነው። ትሉ በተለይ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ውጫዊ የእንጨት ክፍል ይበላል፤ ጥንዚዛው ሲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት አይደለም፤ አዲስ ዱቄት እየረገፈ ከሆነ ግን አለ ብለው ይቁጠሩ። ለሁለቱም ችግር መፍትሔው አንድ ነው፤ ጣውላውን በእንጨት ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ማሳለፍ። ለዓለም አቀፍ ንግድ በሚውል የእንጨት ማሸጊያ ላይ የተደነገገው የሙቀት ሕክምና የእንጨቱ መሐል ራሱ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። ለነቀዝ ከዚያ የበለጠ ሙቀትና ጊዜ ሊያስፈልግ ስለሚችል የማድረቂያውን ባለቤት ስለ ነቀዙ አስቀድመው ይንገሩት። ማድረቂያ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ በኪራይ የሚያደርቅ ድርጅት ማግኘት ለጀማሪ ይበቃል። እስከዚያው ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየድርድሩ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸውን ማለያያ እንጨቶች በየ50 ሴንቲ ሜትሩ እያጋደሙ፣ ከላይ ብቻ በመክደን ያከማቹት። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም ይግዙ።

ስለ ገንዘቡ፦ ጣውላው በማድረቂያ እንዳለፈ ነግረውት ከነበረ ይመልሱለት። «እንዳለ» ብለው ሸጠውለት ከነበረ የመመለስ ግዴታ ላይኖርብዎት ይችላል፤ ቢሆንም በደረቀ ጣውላ ቢተኩለት እኔ እመርጣለሁ፤ አንድ አናጺ በየዓመቱ የሚገዛዎት ደንበኛ ሊሆን ይችላልና። ለወደፊቱ በደረሰኝዎ ላይ የእርጥበቱን መጠንና ጣውላው በሙቀት መታከም አለመታከሙን ይጻፉ፤ «ሚስማር የለበትም» ብለው ግን በፍጹም አይጻፉ። በብረት መፈለጊያ ሁለት ጊዜ ካለፉበት በኋላ እንኳ የተሰበረ የሚስማር ጫፍ ተደብቆ ሊቀርና የገዢውን የመላጊያ ምላጭ ሊሰባብር ይችላል። «ተፈትሿል፤ ከመላጋቱ በፊት ገዢው ደግሞ ይፈትሽ» የሚለው እውነተኛው አጻጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የጎተራውን አግዳሚዎች ለአዲስ ቤቱ ፎቅ መሸከሚያ ሊገዛኝ ይፈልጋል። ልሽጥለት?

መልስ፦ ለጌጥ ከሆነ ይሽጡለት። ለመሸከሚያ ከሆነ ግን አሮጌ አግዳሚ የጥንካሬ ደረጃ ማኅተም የለውም፤ ካስማና ጎድጓዳ የነበረበት ቦታም ከውጭ ከሚታየው በላይ የሳሳ ሊሆን ይችላል። ገዢው በራሱ ወጪ መሐንዲስ ወይም ፈቃድ ያለው የእንጨት ደረጃ መዳቢ አምጥቶ እያንዳንዱን አግዳሚ ካስመረመረና የጽሑፍ ማረጋገጫ ካገኘ በኋላ ይረከብ፤ እርስዎም የዚያን ማረጋገጫ ግልባጭ ከሽያጭ ውልዎ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።