መልስ፦ የኬልቶችን (የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች) ከሽቦ የሚገመድ የአንገት ቀለበት ስሠራ የመዳብ ሽቦው እየተሰበረ አስቸገረኝ
ሽቦው የሚሰበርብህ መዳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መዳብ ሲጠመዘዝ ይደርቃል። እጅህ ላይ ጠንከር ሲልብህ አቁምና እሳት አሳየው። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ይለሰልሳል። በደረቀ ቁጥር ይህንኑ ድገም።

ደግሞ በቀጭን ሽቦ ሥራው። እንግሊዝ ውስጥ ስኔቲሻም የተገኘው ትልቁ ቀለበት 64 ሽቦ አለው። ስምንት ስምንቱ ተገምደው 8 ገመድ ሆኑ፣ እነሱ እንደገና አንድ ላይ ተገመዱ። ወርቅና ብር ተቀላቅሎበት ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከ2000 ዓመት በፊት፣ ያውም በእጅ! ሁሌም ይገርመኛል።

ፀሐይ ላይ ሆነህ ግን በእሳት እንዳታሞቀው። ቅላቱ ስለማይታይህ ሳታውቀው ይቀልጣል። እኔ ሁለት ቀን የገመድኩት እንዲሁ ቀልጦ ቀረ። ጥላ ቦታ ፈልግ።